የሙዚቃ መሣሪያዎን የሰደድ እሳት ቢያሰጋው፦ አስቀድሞ፣ በዕለቱ እና ከእሳቱ በኋላ የሚደረግ

ለሃያ ዓመት በእጅ የቆየ ቫዮሊን ወይም ክራር ሲቃጠል የሚጠፋው እንጨቱ ብቻ አይደለም። አንገቱ ምን ያህል ይወፍር እንደነበር፣ የትኛው ክር የት ላይ ይነዝር እንደነበር፣ ማን እንደጠገነው፣ ከማን እንደተወረሰ የሚናገረው ነገር ሁሉ አብሮት ይሄዳል። እንጨቱን ከእሳት ማዳን አንዳንዴ ይቻላል፣ አንዳንዴ አይቻልም። ስለ እንጨቱ የምናውቀውን ማዳን ግን ምንጊዜም ይቻላል፤ ችግሩ ይህ ሥራ እሳቱ ከመጣ በኋላ የማይሠራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዚህ ሳምንት ይሥሯቸው። ሌሎቹን አንብበው በአእምሮዎ ይያዙ።

ደረጃ 1፦ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መዝገብ ይክፈቱ

ግማሽ ቀን ይመድቡ። መሣሪያውን በቀን ብርሃን፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድመው ፎቶግራፍ ያንሱት፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ ራሱን፣ መቃኛዎቹን። ማስመሪያ ከጎኑ ያስቀምጡ፤ ያለ ማስመሪያ የተነሳ ፎቶ መጠኑን አይናገርም። ቀጥለው ወደ ዝርዝሩ ይግቡ። በድምፅ ቀዳዳው በኩል የሚታየው የሠሪው ወረቀት፣ በናሱ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር፣ የተጠገነ ስንጥቅ፣ የተፋቀ ቫርኒሽ፣ ክንድዎ ያረፈበት የደበዘዘ ቦታ፣ ሁሉም በቅርብ ይነሱ። የእንጨቱ የዕድገት መስመሮች ጎልተው የሚታዩበት አንድ ፎቶ አይቅር። እነዚያ መስመሮች ለመሣሪያው እንደ ጣት አሻራ ናቸው።

ከፎቶው በኋላ ልኬት ይመጣል። የክሩ ርዝመት ከአንዱ መደገፊያ እስከ ሌላው፣ ክሩ ከጣት ማሳረፊያው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ የአንገቱ ውፍረት በሁለት ሦስት ቦታ፣ የሚጠቀሙት የክር ዓይነት፣ ለነፋስ መሣሪያ ደግሞ የአፍ ማስገቢያው ቁጥር እና የምላሱ ጥንካሬ። ጠጋኝዎ ዘንድ ሲሄዱ እሱ የሚያውቀውንም ጠይቀው ይጻፉ። ደጋን ካለ የራሱ መዝገብ ይኑረው፤ ጥሩ የቫዮሊን ደጋን ብቻውን ትልቅ ዋጋ ያወጣል፣ ብዙ ሰው ግን እንደ ተራ ተጨማሪ ዕቃ ቆጥሮ ሳያስመዘግበው ይቀራል።

የልኬት ጥቅም ለካሣ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1704 የተሠራውና በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚጠበቀው «ቤትስ» የተባለው የታዋቂው ጣሊያናዊ ሠሪ የስትራዲቫሪ ቫዮሊን በሲቲ ስካን ተነሥቶ፣ በዚያ መረጃ መሠረት ቅጂዎቹ መሠራታቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሆኗል። የእርስዎ መሣሪያ ስካን ላያገኝ ይችላል። ነገር ግን አንድ ጎበዝ ሠሪ በጥንቃቄ ከተያዘ የልኬት ወረቀትና ከጥሩ ፎቶዎች ተነሥቶ እጅዎ የሚያውቀውን አንገት መልሶ ሊያወጣልዎ ይችላል። ካለ ልኬት ግን የሚሠራው በግምት ነው።

ድምፁንም ይቅዱ። ለማንም የሚሰማ ዝግጅት አያስፈልግም። በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን በአንድ ቋሚ ርቀት አስቀምጠው፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ሳይጫኑ ይምቱ፤ ከዚያ ከታችኛው ኖታ እስከ ላይኛው ቀስ ብለው ይጫወቱ፤ በመጨረሻ የሚወዱትን አንድ ነገር ይጫወቱ። ይህን ቅጂ ለምን እንዳስቀመጡት የሚገባዎት መሣሪያው በሌለበት ቀን ነው።

ከወረቀቶቹ መካከል የግዢ ደረሰኝ፣ የዋጋ ግምት ሰነድ እና የጥገና ደረሰኞች በቅጂ ይግቡ። መሣሪያዎ የዝሆን ጥርስ ወይም የብራዚል ሮዝውድ ካለው (ይህ እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በተባለው የአደጋ ተጋላጭ ዝርያዎች የንግድ ስምምነት በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው)፣ ለጉዞ የተሰጠዎት የሙዚቃ መሣሪያ የምስክር ወረቀትም ይቀዳ። ወረቀቱ ተቃጥሎ መሣሪያው ቢተርፍ ድንበር ላይ የሚያስቸግርዎት ያ ነው።

ደረጃ 2፦ መዝገቡን ከቤት ያውጡት

መሣሪያው ያለበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ እንደሌለ ይቆጠራል። አንዱን ቅጂ በኢንተርኔት ማከማቻ፣ ሌላውን በተንቀሳቃሽ ዲስክ ያድርጉት፤ ዲስኩ በሌላ አካባቢ በሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት ይቀመጥ። ሌላ አካባቢ ስል አንድ እሳት ሁለቱንም ሊደርስባቸው የማይችል ማለቴ ነው። የሚቀጥለው ቤት ከሰደድ እሳት አያስጥልም።

ይህ ለታላላቅ ስሞችም የደረሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ ከ16,000 በላይ ሕንፃዎችን ባወደመው የሰደድ እሳት፣ የሙዚቃ ደራሲውን የአርኖልድ ሾንበርግን ሥራዎች የሚያሳትመው ቤልሞንት የተባለ ድርጅት ማከማቻ ተቃጥሎ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሙሉ ኖታና ለየኦርኬስትራ ተጫዋቹ የሚታደል የኖታ ቅጂ ጠፍቷል። ኦርኬስትራዎች ሲከራዩት የኖሩት ኖታ ነበር። የደራሲው የእጅ ጽሑፎች በአብዛኛው በቪየና በሚገኘው የሾንበርግ ማእከል ስለነበሩ ግን ሥራዎቹ ከዓለም አልጠፉም። በእጅዎ የጻፉት ኖታ፣ የመምህርዎ ማስታወሻ የሰፈረበት ገጽ፣ የልምምድ ደብተር ካለዎት ከመሣሪያው ጋር እኩል ፎቶ ይነሳ። እንዲያውም ገንዘብ መልሶ የማያመጣው እሱን ነው።

ደረጃ 3፦ የመድን ውሉን አሁን ያንብቡ

በዚህ ጉዳይ ላይ የማዝነው ሰው ውሉ እንደሚሸፍነው እርግጠኛ ሆኖ ኖሮ እንደማይሸፍነው በአመዱ ላይ ቆሞ የሚሰማው ነው። ሦስት ጥያቄ ይዘው ወደ መድን ሰጪዎ ይሂዱ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

መሣሪያው የቤት ዕቃ ተብሎ በጅምላ ነው የተሸፈነው ወይስ በስሙ ተዘርዝሮ? በጅምላ ከሆነ ለአንድ ዕቃ የሚከፈለው ጣሪያ ሊኖረው ይችላል። በመሣሪያው ገንዘብ የሚሠሩበት ከሆነ ውሉ ያንን ይቀበላል ወይ? ብዙ የቤት መድን ውሎች ለሥራ የሚውል ዕቃን በከፊል ወይም በሙሉ ያስቀራሉ፤ በሠርግ ላይ ወይም በመድረክ ተጫውተው የሚከፈልዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ካሣው በምን ይሰላል፦ ከእርጅና ተቀናሽ በኋላ ባለው ዋጋ፣ በአዲስ በመተካት ወይስ አስቀድሞ በተስማማችሁበት ዋጋ? ለጥሩ የቆየ መሣሪያ የመጨረሻው ይሻላል። የእርጅና ተቀናሽ ለማቀዝቀዣ የታሰበ ስሌት ነው፤ ዕድሜ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግለትን ቼሎ በዚያ ማስላት በደል ነው።

የዋጋ ግምቱን በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ያሳድሱ። ገማቹ መሣሪያውን ሊገዛዎት የሚፈልግ ሰው አይሁን።

ደረጃ 4፦ የመውጫ ቅደም ተከተል ይወስኑ

እሳቱ በታየ ሰዓት የሚወሰን ውሳኔ ልብን እንጂ አእምሮን አይሰማም። ስለዚህ ዛሬ፣ ተረጋግተው ሳሉ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ለመውጣት አምስት ደቂቃ ቢኖረኝ የትኛውን፣ ግማሽ ሰዓት ቢኖረኝ የትኞቹን እወስዳለሁ? መመዘኛው ዋጋ ብቻ አይሁን። በፋብሪካ የተሠራ ውድ ጊታር አቻው በገበያ ይገኛል፤ የአያትዎ በገና አይገኝም።

ወረቀቱን በበሩ ጀርባ ይለጥፉት። አንደኛ የተባለው መሣሪያ ተጫውተው ሲያበቁ ወዲያው ወደ ሣጥኑ ይመለስ፣ ሣጥኑም ለበሩ ቅርብ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከውጭ የሚመጣ ግለት መስታወት ሰብሮ የሚገባው በመስኮት ነው። አንድ ቀን በእጅ ሰዓት ይሞክሩት። ሁለት መሣሪያ በሁለት እጅ ይዘው ደረጃ መውረድ፣ ልጅ መያዝ፣ በር መክፈት እንዴት እንደሚሆን ያኔ ያዩታል። ሁለተኛው ሣጥን በጀርባ የሚታዘል መሆን እንዳለበት ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚህ ሙከራ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሲሰማ የመውጫ ትእዛዝ አይጠብቁ። መሣሪያ የሚያወጣ ሰው ከሌላው ቀድሞ መነሣት አለበት። መኪና ውስጥ ካስገቡት ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዳይረሳ፤ የቫዮሊን ዓይነት መሣሪያዎች የሚጣበቁበት ከቆዳ የሚሠራ ሙጫ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መላላት ይጀምራል፣ የተዘጋ መኪና ውስጥም በሞቃት ቀን ወደዚያ መጠጋት ይቻላል። ከሰደድ እሳት ያመለጠ መሣሪያ በመኪና ሙቀት ሲለቅ ማየት ያሳዝናል።

አሁን የዚህን ደረጃ ዋና ነገር ልናገር። ከወጡ በኋላ አይመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1949 የብርድ ወቅት በአሜሪካ አርካንሳስ፣ ትዊስት በምትባል ስፍራ፣ በኋላ ታዋቂ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች የሆነው ወጣቱ ቢ.ቢ. ኪንግ ይጫወትበት የነበረው አዳራሽ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ለማሞቂያ ኬሮሲን ይነድበት የነበረውን በርሜል በመገልበጣቸው በእሳት ተያያዘ። ኪንግ ከሕዝቡ ጋር ወጣ፣ ጊታሩ ውስጥ መቅረቱን ሲያስታውስ ተመልሶ ገባና ይዞት ወጣ፤ ለጥቂት ተረፈ። ጠቡ ሉሲል በምትባል ሴት ምክንያት እንደነበር ሲሰማ ጊታሩን ሉሲል አለው፤ ከዚያም በኋላ የያዛቸውን ጊታሮች በዚሁ ስም የጠራው እንዲህ ያለ ሞኝነት ዳግም እንዳይሠራ ራሱን ለማስታወስ መሆኑን ዕድሜ ልኩን ሲናገር ኖሯል። እሱ በሕይወት ስለወጣ ታሪኩ ደስ ይላል። የሰደድ እሳት ጭስ ግን መንገድ ያሳታል፣ ነፋሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይዞራል። መሣሪያው ለእርስዎ ያለው ፍቅር ቢኖር ኖሮ እንኳ እንዲመለሱ አይፈልግም ነበር።

ደረጃ 5፦ የማይወጣው ይዘጋጅ

ፒያኖ አይታዘልም። ጊዜ ካለ ክዳኑን ይዝጉ፣ ከመስኮትና ከመጋረጃ ያርቁት፣ መጋረጃውን ከመስቀያው ነቅለው ያውርዱ። ሌሎቹን መሣሪያዎች በሣጥናቸው ውስጥ እንደተዘጉ ወደ ቤቱ መካከለኛ ክፍል ያስገቡ። የክፍሎቹን በሮችና መስኮቶች ይዝጉ። በሰደድ እሳት ጊዜ ብዙ ቤት የሚያያዘው ነፋስ በሚያመጣው ፍንጣሪ ነው፤ ፍንጣሪው በጣሪያ ቀዳዳና በስንጥቅ ይገባል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን በደቃቅ የብረት ወንፊት መሸፈን ከቤቱ በተጨማሪ መሣሪያውንም ይጠብቃል።

ስለ ካዝና ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለወረቀት የተሠራ እሳት ተከላካይ ካዝና ውስጡ እስከ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሞቅ የተፈቀደለት ነው፤ ወረቀት በዚያ ሙቀት አይቃጠልምና። ግድግዳው ሲሞቅም እንፋሎት ይለቃል። ቫዮሊን እዚያ ውስጥ ቢቀመጥ ሙጫው ለቆ፣ ቫርኒሹ አብጦ ይገኛል። ለኮምፒውተር ዲስክ የሚሠሩት ካዝናዎች ወሰናቸው 52 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ልዩነቱን ሳያውቁ አይግዙ። ካዝናው ለሰነድ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ቤቱ ከተረፈ፣ እጅዎን ይሰብስቡ

የተረፈ መሣሪያን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከእሳቱ በኋላ ያለው ችኮላ ነው። ባለቤቱ በደስታ ሣጥኑን ይከፍታል፣ እርጥብ ጨርቅ ያነሣል፣ ይጠርጋል። ጥቀርሻ ቅባትነትና አሲድነት አለው፤ እርጥብ ጨርቅ ወደ ቫርኒሹና ወደ እንጨቱ ቀዳዳ ይገፋዋል። የእንጨት አመድ ደግሞ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና መሥሪያ አመድ ውኃ ይበላል።

በቅድሚያ ፎቶ ያንሱ፣ ሣጥኑ እንደተዘጋ ጭምር። ኤን-95 ማስክና ጓንት ያድርጉ፤ የተቃጠለ ቤት አመድ እርሳስና አስቤስቶስ ሊይዝ ይችላል። ሣጥኑን አመድ ወዳልገባበት ንጹሕ ክፍል ወስደው ይክፈቱት። ክሮቹን በጥቂቱ ያላሉ፣ ሁሉንም ግን አይፍቱ፤ የቫዮሊን ቤተሰብ ከሆነ ውስጡ ያለ ሙጫ በግፊት ብቻ የቆመችው ትንሽ እንጨት ትወድቃለች። የላይኛውን ልቅ አቧራ በጣም ለስላሳ በሆነ ደረቅ ብሩሽ፣ ሄፓ ማጣሪያ ወዳለው የአቧራ መምጠጫ ማሽን አፍ ያንሱ፤ የማሽኑ አፍ እንጨቱን አይንካ። እዚህ ላይ ያቁሙ። የቀረውን ለጠጋኝ ይተዉት።

የነፋስ መሣሪያ ሳይጸዳ አይነፋ፣ ወደ ሳንባ የሚገባው እሱው ነውና። የሳክስፎንና የክላርኔት ቁልፎች ሥር ያሉት ቆዳና የተጨመቀ የሱፍ ጨርቅ ጭስ ይይዛሉ፣ መቀየር አለባቸው። የደጋን ጭራም እንዲሁ። ኪቦርድና አምፕሊፋየር በኤሌክትሪክ አይሰኩ፤ ጥቀርሻ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከእሳት የተረፈው መሣሪያ በአንድ መሰካት ይቃጠላል። ቆዳ የለበሰ ከበሮ፣ ክራር ወይም ማሲንቆ በግለት ቆዳው ተኮማትሮ ከሆነ በውኃ ለማለስለስ አይሞክሩ።

ሽታውን በኦዞን ማሽን እናጠፋለን የሚሉ የጽዳት ሠራተኞች ይመጣሉ። መሣሪያዎቹ ባሉበት ክፍል አይፍቀዱ። ኦዞን ላስቲክን፣ ቆዳንና ጨርቅን ያሳረጃል። የሣጥኑ ከፈይ ጭስ ከጠጣ ሣጥኑ ይቀየር፤ መሣሪያው ጥሩ እርጥበት ባለው (ከ40 እስከ 60 በመቶ) አየር በሚንቀሳቀስበት ክፍል ለሳምንታት ይቆይ። በእሳት ማጥፊያ ውኃ የራሰ መሣሪያ ቀስ ብሎ፣ ከፀሐይና ከፀጉር ማድረቂያ ርቆ ይድረቅ፤ ሻጋታ ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል ጠጋኙ በዚያው ቀን ይጠራ። መገጣጠሚያው ቢለቅ አይደንግጡ። የቆዳ ሙጫ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው፣ እንደገና ይጣበቃል።

የትዕግሥትን መጠን ለማወቅ በፓሪስ የሚገኘውን የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ጣሪያው ሲቃጠል ወደ 8,000 የሚጠጉ ቧንቧዎች ያሉት ትልቁ ኦርጋን አልተቃጠለም፤ የእርሳስ ብናኝ ግን ለበሰ። በ2020 ተፈታ፣ ክፍል በክፍል ጸዳ፣ ተመልሶ ተገጠመ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በዲሴምበር 2024 ሲከፈት ድምፁ ተሰማ። እሳት ያልነካው መሣሪያ ነበር።

ደረጃ 7፦ ከተቃጠለ፣ አመዱን ሳይነኩ

የአካባቢው ባለሥልጣን ሳይፈቅድ አይግቡ። ሲገቡ ከመንካትዎ በፊት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ፣ መድን ሰጪው ሳያየው ፍርስራሹን ማንም አያንሣ።

ከዚያ መሣሪያዎቹ የነበሩበትን ቦታ በደቃቅ ወንፊት ይፈልጉ። ምን እንደሚተርፍ ማወቅ ይረዳል። ናስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ በላይ ነው፤ የትራምፔት መጋጠሚያዎች የተበየዱበት ቆርቆሮና እርሳስ ግን ከ200 ዲግሪ በታች ሊቀልጥ ስለሚችል መሣሪያው ሳይቀልጥ ተበታትኖ ይገኛል። ከጊታር መቃኛዎቹ፣ ከአኮርዲዮን ምላሶቹ ሊገኙ ይችላሉ። ከፒያኖ የብረት ሰሌዳው ይቀራል፤ በተቃጠለ ቤት መካከል ብቻውን ቆሞ ሲያዩት ልብ ይሰበራል። ተከታታይ ቁጥር የተቀረጸበት ማናቸውም ብረት ለካሣ ማስረጃ ነው። አንድ አደጋ አለ፦ በከፊል ብቻ የተቃጠለ ፒያኖ ክሮቹ ገና ተወጥረው ሊሆን ይችላል፣ የክሮቹ ጠቅላላ ጉተታ ወደ 20 ቶን ይጠጋል። አይንኩት፣ አያንቀሳቅሱት።

የጠፋውን ዝርዝር በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ክፍል በክፍል እያሰቡ ይጻፉ። ክሮች፣ ሣጥኖች፣ መቆሚያዎች፣ መለዋወጫዎች፣ ኖታዎች ይግቡ፤ ተደምረው ትልቅ ይሆናሉ። መዝገብ ሳይዙ ለተቃጠለባችሁ፣ ተስፋ አትቁረጡ። አብረዋችሁ የተጫወቱ ሰዎች ስልክ ውስጥ ቪዲዮ አለ። ጠጋኙ ደብተር አለው፣ ሻጩ የሽያጭ ሰነድ አለው፣ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺም ፋይሉን አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ለመድን ሰጪው በጊዜው ያሳውቁ፣ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁ፣ የመጨረሻውን የስምምነት ወረቀት ግን በሐዘን ሳምንት አይፈርሙ። የረሱት ነገር በሦስተኛው ወር ይታወስዎታል።

ደረጃ 8፦ ወደ መጫወት ይመለሱ

ሰው «ዕቃ አይደል፣ ይተካል» ይልዎታል። በደግነት ነው የሚለው። ግን የገዛ እጅዎ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረውን ቦታ ያጣ ሰው ሐዘኑ እውነት ነው፤ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ለወዳጆች የምመክረው፣ ዋጋውን አትጠይቁ፤ እንዴት ያለ ድምፅ እንደነበረው ጠይቁ።

መሣሪያ ላውስህ፣ ላውስሽ የሚል ሰው ሲመጣ ይቀበሉ። ቶሎ ይቀበሉ፣ እጅ ሲፈታ ሐዘኑ ይከብዳልና። ውሰቱ በአንድ ወረቀት ይጻፍ፦ የማን ነው፣ እስከ መቼ፣ ቢጎዳ ማን ይጠግናል። በተቃራኒው ምትክ ለመግዛት አይቸኩሉ። በመጀመሪያው ወር የሚገዛ መሣሪያ ከጠፋው ጋር ሲወዳደር ይኖራል፤ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን ይጠላል። በውሰት መሣሪያ ጥቂት ወራት ተጫውተው እጅዎ ምን እንደሚፈልግ ሲያውቁ፣ የልኬቱን ወረቀትና የድምፁን ቅጂ ይዘው ወደ ሠሪ ይሂዱ። ሁሉንም ነገር እንደ ቀድሞው አድርግልኝ አይበሉ። የትኛው ልኬት እንዲመለስ እንደሚፈልጉ፣ የትኛው እንዲሻሻል ይለዩ። ብዙ ጊዜ መመለስ ያለበት የአንገቱ ውፍረትና የክሩ ከፍታ ነው፤ ድምፁ የአዲሱ እንጨት የራሱ ይሆናል።

አዲሱ መሣሪያ ቤት በገባበት ቀን፣ ገና ሳይቃኙት፣ ማስመሪያውን ከጎኑ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱት። ፋይሉን በዚያው ምሽት ለዘመድዎ ይላኩ።